የአሜሪካ አውቶሞቢል ከመንገዳችን ስለ ምን ጠፋ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች የተነበበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ እንናገራለን ብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። ስለዚያ ከእኛ የተሻሉ ተናጋሪዎች ስላሉ፤ እኛ አምስት ተማሪዎች ፈቃድ ጠይቀን የመረጥነው ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም ስለ መኪና ነው። ነገሩ ለበዓል የማይስማማ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱብን እንለምናለን። በጅጅጋ ከተማ ስለ መኪና የማያወራ ሰው ቢፈለግ ምናልባት ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ቢገኝ ነው።

ጥያቄው የተነሣው እንዲህ ነው። በአንድ የዕረፍት ቀን ከከተማው ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር፤ ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን የሚያልፉትን መኪናዎች በየፋብሪካቸው እየለየን በደብተር እንጽፍ ነበር። የሒሳብ መምህራችን የሰጡን የቤት ሥራ ነበርና። ቶዮታ መጣ፤ ቶዮታ ሄደ፤ አይሱዙ መጣ፤ ደግሞ ቶዮታ። ባጃጁንማ ብዛቱ ቢያስቸግረን መቁጠሩን ትተነው ነበር። ከአጠገባችን ሻይ ይጠጡ የነበሩ፤ በአገራችን ልማድ «አዴር» እያልን የምንጠራቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ አንድ የቀድሞ ሾፌር ደብተራችንን አየት አደረጉና፤

«የአሜሪካው ስንት ሆነ?» ብለው ጠየቁን።

«አንድም የለም፤ አዴር» አልናቸው።

ይህን ስንል አንድ ፎርድ ፒካፕ መጥቶ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ደስ ብሎን ተሯሩጠን ሾፌሩን ብንጠይቀው፤ መኪናው የተሠራው በደቡብ አፍሪካ መሆኑን ነገረን። አዴርም ሳቁና «እኔ ልጅ ሳለሁ ጋሪ ማለት ፎርድ ነበረ፤ ሸቭሮሌ ነበረ፤ ዶጅ ነበረ። የት ሄዱ? እናንተ ትማራላችሁ፤ እስቲ ፈልጉልኝ» አሉን። (ከሌላ አገር የመጡ እንግዶቻችን እንዳይደናገሩ፤ በሶማልኛ ጋሪ ማለት መኪና ነው። በአማርኛው ፈረስ የሚጎትተው ነው። በዚህ ምክንያት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ብዙ ተሳስቀናል።)

እነሆ ዛሬ የምናቀርበው ለእኒህ አባት የተዘጋጀ መልስ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አዴር ያሉት ነገር እውነት ነው። የጅጅጋ ሜዳ የአሜሪካንን ሞተር ያወቀው በሰላም ሳይሆን በጦርነት ነው። በ1935 ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የሐረርጌው ገዢ ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል የኦጋዴንን ጦር ይመሩ ነበር። በወዲያኛው ወገን የነበረው ጄኔራል ግራዚያኒ ውሃ በሌለበት በረሃ ጦሩን ለማንቀሳቀስ የጣልያን ካሚዮን አልበቃ ቢለው ከአሜሪካም አስገዝቶ ነበር። በ1941 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር፤ በተለይም የናይጄሪያ ብርጌድ፤ በመጋቢት መጀመሪያ ከሞቃዲሾ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ከተጓዘ በኋላ መጋቢት 17 ቀን ጅጅጋ ገባ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም የማርዳን በር አስለቀቀ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ጦር ዘንድ የፎርድና የሸቭሮሌ ካሚዮኖች እጅግ የበዙ ነበሩ። አዴር እንደሚሉት ጦሩ ሲያልፍ በየሜዳው የቀረውን ብረት ነጋዴው አነሣው፤ ከሁለት የሞተ መኪና አንድ የሚሄድ አወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጠቁም። መኪናው የአሜሪካ ይሁን የጃፓን፤ የአካሉን ስም የወረስነው ከጣልያን ነው። ካምቢዮ፤ ፍሪሲዮን፤ ባሌስትራ፤ ካንዴላ፤ ኩሽኔታ፤ ቴስታታ እያልን ነው በጋራዥ የምንጠራራው። ድል የተነሣው ጦር ትቶልን የሄደው መዝገበ ቃላት ይህ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። አሜሪካኖች መኪና መሥራት ያውቁ ነበርን? ከእነርሱ በላይ ያወቀ አልነበረም። ሄንሪ ፎርድ በ1908 ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና አወጣ፤ በ1913 ሠራተኛው ወደ መኪናው መሄዱ ቀርቶ መኪናው ወደ ሠራተኛው እየተሳበ የሚመጣበትን አሠራር ጀመረ። ሞዴል ቲ በ1927 እስኪቆም ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ጭቃ የማይበግረው፤ ገበሬው ራሱ በመፍቻ የሚፈታው መኪና ነበረ። በ1941 የወጣውም ጂፕ እንዲሁ ነው። የእንግሊዙ ላንድሮቨር በ1948 ሲወጣ ጂፕን አይቶ ነው።

ላንድክሩዘርስ? አዴርን ያስገረማቸው ይህ ነበር። በ1950 የቶዮታ ኩባንያ ለመክሰር ደርሶ፤ ሠራተኞቹ አድማ መትተው፤ መሥራቹ ሥራቸውን ለቅቀው ነበር። በዚያው ዓመት የኮርያ ጦርነት ተነሣ። የእኛም የቃኘው ሻለቃ በ1951 የዘመተበት ጦርነት ነው። የአሜሪካ ጦር ለዚያ ዘመቻ ካሚዮን ከቶዮታ ስለ ገዛ ኩባንያው ከሞት ተረፈ። በ1951 ጂፕን የሚመስል መኪና ሠሩ፤ እስከ ፉጂ ተራራ ስድስተኛ ጣቢያ ድረስ አወጡት፤ ስሙንም መጀመሪያ «ጂፕ» አሉት። ስሙ ባለቤት ስለ ነበረው በ1954 ላንድክሩዘር ተባለ። እንግዲህ ዛሬ ከጅጅጋ እስከ ቀብሪደሃር አሸዋውን የሚያቋርጠው መኪና የአሜሪካው ጂፕ ተማሪ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ተማሪው መምህሩን የበለጠው በምን ምክንያት ነው?

በ1950ዎቹ ዓመታት ጄኔራል ሞተርስ፤ ፎርድና ክራይስለር የተባሉት ሦስት ኩባንያዎች የአሜሪካን ገበያ ከሞላ ጎደል ተካፍለውት ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ብቻውን ግማሹን ያህል ይሸጥ ነበር፤ በ1955ም ትርፉ በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አለፈ። የሚፎካከረው ያጣ ነጋዴ ምን እንደሚያደርግ በሰፈራችን ገበያ ያያችሁት ነው። በየዓመቱ የመኪናውን መልክ መለወጥ ዋና ሥራ ሆነ። ኋላው እንደ ዓሣ ክንፍ ወደ ላይ ሾለ፤ ኒኬሉ በዛ፤ ቀለሙ ሁለት ሦስት ዓይነት ሆነ። ከላሜራው በታች ያለው ሞተርና ፍሬን ግን በዚያው መጠን አልታሰበበትም። በ1965 ራልፍ ናደር የሚባል ወጣት የሕግ ሰው የአሜሪካ መኪና ለተሳፋሪው ሕይወት አደገኛ መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ፤ በማግሥቱ ዓመት መንግሥት የመኪና ደኅንነት ሕግ አወጣ። ኩባንያው ግን መጽሐፉን መርምሮ መልስ በመስጠት ፈንታ የሰውየውን የግል ኑሮ የሚሰልል ሰው ቀጠረ፤ ይህም ተገልጦበት የኩባንያው ፕሬዚዳንት በምክር ቤት ፊት ቀርበው ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደዱ።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የተከራከርንበት ስለ ሸቭሮሌ ቬጋ ነው። ይህ መኪና በ1970 መጨረሻ የወጣው ከውጭ የሚመጡትን ትናንሽ መኪናዎች ለመቋቋም ነው። በወጣ ጊዜ በአንድ ታዋቂ የመኪና መጽሔት የዓመቱ መኪና ተብሎ ተሸልሟል። ለማጓጓዣ እንዲረክስ ተብሎ አፍንጫው ወደ ታች፤ ጭራው ወደ ላይ ተደርጎ፤ ሠላሳው በአንድ የባቡር ፉርጎ እንዲጫን ሆኖ ተሠራ። ይህ ሁሉ ብልሃት ነው። ነገር ግን የሞተሩ አካል አሉሚኒየም፤ ቴስታታው ብረት ሆነ፤ ሲሊንደሩም የብረት ሽፋን ሳይገባለት ቀረ። ሞተሩ በጋለ ጊዜ አሉሚኒየሙ ይጣመማል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይፍቃል፤ ዘይት ይበላል፤ ጭስ ይተፋል። ፓራፋንጎው ደግሞ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይዝግ ነበር።

ቬጋ የሚሠራው በኦሃዮ በሎርድስታውን በነበረው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በሰዓት 100 መኪና እንዲያወጣ ታቅዶ ነበር፤ ሌላው ፋብሪካ 60 ያህል ሲያወጣ ማለት ነው። ከእኛ መካከል በሒሳብ የበረታው ይህን አካፍሎ ለአንድ መኪና የሚደርሰው 36 ሴኮንድ መሆኑን ነገረን። ሠላሳ ስድስት ሴኮንድ! እኛም ተራ በተራ ሰዓት ይዘን አንድ ቡሎን በመፍቻ ለማጥበቅ ሞከርን። ቡሎኑ ጠበቀ፤ ግን አንዱ ስናጠብቅ የሚቀጥለው ቡሎን በሐሳባችን ደርሶ ይጠብቀን ስለ ነበር በአምስተኛው ላይ እጃችን ተንቀጠቀጠ። እነርሱ ይህን ቀኑን ሙሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ነበር የሚያደርጉት። አንድ ነገር ተበላሽቶ ቢያዩ ሰንሰለቱን ለማቆም ሥልጣን አልነበራቸውም፤ የተበላሸው ያልፋል፤ ከመጨረሻ ላይ ሌላ ሰው ያድሰዋል ተብሎ ነው። በመጋቢት 1972 ሠራተኞቹ አድማ መቱ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ቆየ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰዎች ወጣት ሠራተኞቹን ሰነፎች ናቸው ብለው ነቀፏቸው። ከመካከላችን ሁለቱ ይህንኑ ነቀፋ ሲደግፉ ሦስታችን ተቃወምን፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም።

የፎርድ ፒንቶ ነገር የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ እናልፈዋለን። የቤንዚን ጋኑ ከኋላ ዲፈረንሻል ጀርባ ስለ ተቀመጠ ከኋላ ሲገጩት እሳት ይነሣበት ነበር፤ በ1978 አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል መኪና ለጥገና እንዲመለስ ተደረገ።

አሁን ጃፓኖችን እንመልከት። ገና ከመጀመሪያው ብልሆች ነበሩ ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ቶዮታ በ1957 ቶዮፔት ክራውን የተባለውን መኪና ወደ አሜሪካ ይዞ ገባ። መኪናው በሰፊው የአሜሪካ መንገድ ላይ ኃይል አነሰው፤ ጋለ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቁበት። ሽያጩ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆመ። እነርሱም የሳቀባቸውን ሰው ከመውቀስ ይልቅ መኪናውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱና ፈታቱት።

በጣም የሚያስደንቀው ደግሞ ካስተማሯቸው ሰዎች አንዱ አሜሪካዊ መሆኑ ነው። ኤድዋርድስ ዴሚንግ የተባሉት የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1950 ጃፓን ሄደው ለኢንጂነሮችና ለኩባንያ አለቆች አስተማሩ። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የተበላሸውን ዕቃ መጨረሻ ላይ መልቀም ብቻውን አይበቃም፤ የሚበላሽበትን ምክንያት እሥራው ላይ ሳለህ በቁጥር ተከታትለህ ፈልግ። ጃፓኖች በ1951 በስማቸው ሽልማት አቋቋሙላቸው። በገዛ አገራቸው ግን እሳቸውን ብዙ ሰው ያወቃቸው በ1980 በቴሌቪዥን ከታዩ በኋላ ነው። በቶዮታም ፋብሪካ ከሠራተኛው ራስ በላይ ገመድ ተዘረጋ፤ ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመዱን ይስባል፤ አለቃው ይመጣል፤ ካልተስተካከለ ሰንሰለቱ ይቆማል።

አንዳንድ ሰው «ይህ የጃፓኖች ጠባይ ነው፤ በሌላ ሕዝብ አይሆንም» ይላል። ይህ ሐሰት መሆኑ በካሊፎርኒያ በፍሪሞንት ከተማ ታይቷል። በዚያ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ በመቅረትና በመጣላት ስሙ የጠፋ ስለ ነበር በ1982 ተዘጋ። በ1984 ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በማኅበር ከፈቱት፤ ከቀድሞዎቹ ሠራተኞችም አብዛኞቹን መልሰው ቀጠሩ፤ ብዙዎቹን ወደ ጃፓን ልከው ገመድ መሳብን አስተማሯቸው። ብዙም ሳይቆይ ከዚያ የሚወጣው መኪና በጉድለቱ ማነስ ከአሜሪካ ሁሉ የተመሰገነ ሆነ። ሰዎቹ እነዚያው ነበሩ። ይህን ባነበብን ጊዜ ከሁለቱ ነቃፊዎች አንዱ ዝም አለ፤ ሌላው ግን «ሥራ አጥተው ስለ ፈሩ ነው» አለ። ይህም ቢሆን የሚናቅ ሐሳብ አይደለም።

የ1973ቱ የነዳጅ ችግር ብዙ ቤንዚን የሚጠጡትን ትላልቅ መኪናዎች ጎዳ። ክራይስለር በ1979 የመንግሥትን ዋስትና ለመነ። በ2009 ክራይስለርና ጄኔራል ሞተርስ በአንድ ወር ልዩነት መክሰራቸውን ለፍርድ ቤት አስታወቁ። በ2014 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ በአንዳንድ መኪናዎቹ የቁልፍ ማስነሻ ላይ ጉድለት መኖሩን አመነ፤ ዋጋዋ ከአንድ ዶላር የማይበልጥ ዕቃ ላልታ ሞተሩ በጉዞ ላይ ይጠፋል፤ የአደጋ መከላከያው አየር ከረጢትም አይነፋም። ለ124 ሰዎች ሞት ካሣ ተከፈለ። በኩባንያው ውስጥ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ከነበሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

እውነተኛውን ለመናገር ግን ጉዳዩን በአንድ ወገን ብቻ መፍረድ አይገባም። የአሜሪካ መኪና ከጅጅጋ የጠፋው በጥራት ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ሰፊ ነው፤ ነዳጅ ይበላል፤ መለዋወጫው ሩቅ ነው። ዛሬ በዚያ የሚሠሩት መኪናዎች ከቬጋ ዘመን እጅግ የተሻሉ ናቸው። ጃፓኖችም ቢሆኑ ቅዱሳን አይደሉም። ቶዮታ በ2014 የደኅንነት ጉድለትን ስለ መደበቁ ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ የእርሱ ንብረት የሆነው ዳይሃትሱ በ2023 የደኅንነት ፈተና ውጤት ሲያጭበረብር መኖሩን አምኗል። አገራችን በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። አዴር «ማርዳን ደርሶ መልስ አሥር ዓመት ይውጣና እናያለን» ብለዋል።

ማርዳን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንንገራችሁ። ከመካከላችን የአንዱ አጎት በጅጅጋና በሐረር መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ከአንድ ሱቅ የጃፓን ስም የተጻፈበት ካርቶን ውስጥ ያለ የፍሬን ሸራ ገዛ። ካርቶኑ አዲስ፤ ጽሕፈቱ ያማረ ነበረ። ሰው ጭኖ ማርዳን ሲወርድ ፍሬኑ ጨሰ፤ ፔዳሉ ወለል ነካ። ማርሽ ቀንሶ፤ መኪናውን ከዳገቱ አፈር ጋር አሻሽቶ አቆመው። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ ሰው የለም፤ አንዲት ቡና ነጋዴ እናት ክንዳቸው ተሰበረ። ሸራው ሲፈታ እንደ ተቃጠለ እንጀራ ተፈረፈረ። ባለ ሱቁን ቢጠይቀው «የሸጡልኝን ነው የሸጥኩልህ» አለው። መካኒኩም «እኔ ያመጣኸውን ነው ያሠርኩልህ» አለ። አጎትየውም ራሱ ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችል ከዋጋው ማነስ ጠርጥሮ እንደ ነበር ለእኛ አልደበቀንም። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሲገዛ በእጁ ይመዝናል፤ በጥፍሩ ይጭራል፤ ባለ ሱቁ ቢቆጣም አይሰማም።

ይህን ጽፈን ከጨረስን በኋላ እርስ በርሳችን መተያየት ጀመርን። ምክንያቱን ሳንደብቅ እንናገራለን። ለዛሬው በዓል የተሰበሩትን አግዳሚ ወንበሮች እንድናድስ ኃላፊነት የተሰጠን እኛ አምስታችን ነበርን። እግራቸው የሚጋጠመው በተጠረበ እንጨትና በኮላ መሆን ሲገባው፤ ኮላው እስኪደርቅ መጠበቅ ስለ ሰለቸን በሚስማር ቸነከርናቸውና ቡናማ ቀለም ቀባናቸው። ከመካከላችን አንዱ «ቀለሙ ይሸፍነዋል» ብሎ ነበር፤ ማን እንደ ሆነ እዚህ አንናገርም። መምህራችንም አይተው አመሰገኑን። የሎርድስታውንን ነገር ባነበብንበት ሳምንት ሄደን ተቀምጠን ብንወዛወዝባቸው ጮኹ።

ሚስማራቸውን ነቅለን አብዛኞቹን እንደገና በኮላ ገጥመናል። ከግራ በኩል ከመስኮቱ ሥር ያሉት ሦስቱ ግን ቀኑ ደርሶብን እንደ ነበሩ ናቸው። ስለዚህ በእነርሱ ላይ የተቀመጣችሁ አባቶቻችንና እናቶቻችን፤ ብትፈቅዱልን አሁኑኑ ወደ ፊተኛው ተርታ እንድትዛወሩ እንለምናለን፤ ታናናሾቻችን ቦታ ይለቁላችኋል። ስትነሡ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ ነው፤ በመካከለኛው ላይ ልብስ የሚይዝ ሚስማር አለ።